የአስታማሚው ጥያቄ

እሁድ ነበር። አማን በሬን ያንኳኳው በእግሩ ነው፤ ሁለቱም እጆቹ ተይዘው ነበር። በአንዱ እናታችን የላከችው በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ፣ በሌላው ግማሽ ጀሪካን የሞተር ዘይት።

«ዘይቱ ደግሞ ለምንድነው?» አልኩት።

«የግቢያችሁ በር ሲከፈት ያለቅሳል። ባለፈው መጥቼ ሳድር እንቅልፍ ነስቶኛል።»

ሳይቀመጥ የበሩን ማጠፊያ ቀባ። አከራዬ ወጥታ መረቀችው። ከዚያ የውሃ ቧንቧዋን አየላት፣ ከዚያ የእኔን አልጋ አንድ እግር አጠበቀ። እንዲህ ነው አማን፤ አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ አያውቅም።

አማን ታላቅ ወንድሜ ነው። ነበር። እዚህ ቃል ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። የኮምባይነር ኦፕሬተር ነበር፤ በአጨዳ ወራት በአርሲ፣ ዲክሲስ ከማሳ ማሳ እየዞረ ስንዴ ያጭዳል። አንገቱ ላይ እንቅርት ወጥቶበት ለዓመታት በፎጣ ሸፍኖት ኖረ። ሊያስወጣው የቆረጠው ለመልኩ ብሎ አይደለም። ወደ ኋላ ዞሮ እህሉ ወደ መኪናው በትክክል መውረዱን ማየት ስላቃተው ነው። «የሰው ስንዴ መሬት ላይ እያፈሰስኩ ነው» አለ። ምክንያቱ ይኸው ነበር።

«ይህ ከወጣ የሚቀረኝ ጆሮ ደግፍ ብቻ ነው» ይላል። እኔና እሱ የምናወራው በኦሮምኛ ነው፤ ይህችን ብቻ በአማርኛ ነበር የሚላት፤ ተረቱ በአማርኛ ስለሚያምር።

በነጋታው፣ ሰኞ ጠዋት፣ አሰላ እኔ በምሠራበት ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ሊሆን ቀጠሮ ነበረው። እኔ ሰኞ ለሥራ ጢቾ መሄድ ነበረብኝ። ሥራዬ ኦፕራሲዮን የሆኑ ሰዎችን በመጠይቅ መጠየቅ ነበር። የዚያን እሁድ ከሰዓት በኋላ እሱ ጩኮውን እየበላ እኔ ልምምድ ልሥራብህ አልኩት።

«ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሐኪሞቹ ስለሚደረግልህ ነገር በሚገባህ ቋንቋ ነግረውሃል?»

«አዎ።»

«ገና ኦፕራሲዮን አልሆንክም እኮ!»

«ታዲያ ምን አስጠየቀህ?»

«በትክክል መልስ።»

«ስማኝ ከድር። የማላውቀው ሰው ነጭ ጋውን ለብሶ መጥቶ ቢጠይቀኝ ሁሉንም አዎ ነው የምለው። አንተ ስለሆንክ ነው የማሾፍብህ። ሰው በሽታዬን አውጥቶልኝ ‘በደንብ አልነገርከኝም’ ልለው ነው? ምን ዓይነት ባለጌ ነው እንዲህ የሚል?»

«ጢቾ አልሄድም፤ ነገ ካንተ ጋር እሆናለሁ» አልኩት።

«ሐጂ ቃሲም ያስታምሙኛል። አንተ ሂድ። አንገት ነው፤ ጦርነት አይደለም።»

ሐጂ ቃሲም የአባታችን ወንድም ናቸው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ሳጉሬ ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሄድኩ።

አሁን ሌላ ነገር ልጻፍ። ስለ ሥራው። የሥራ ዘመኑን የሚጽፍ ሰው ጡረታ የወጣ ነው፤ እኔ ጢሜ እንኳ ገና በደንብ አልሞላም። ግን አንድ ሥራ ነበረኝ፣ እወደው ነበር፣ ተውኩት። አሁን አሰላ መውጫ ላይ ጎሚስታ ቤት ነው የምሠራው። የውስጡን ጎማ ነፍተን ውሃ ውስጥ እንነክረዋለን፤ የተበሳበት ቦታ ላይ አረፋ ይወጣል። ጎማ አልሀምዱሊላህ አይልም። ለዚህ ነው ደስ የሚለኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ዲክሲስ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው። አለቃዬ ሥራ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ብቻ አስተማሩኝ፦ «የአባቱንም የአያቱንም ስም ጠይቅ፤ ከዚያ ቀና ብለህ ፊቱን እይ። ካርድ የሚያወጣው ፊት ነው።» ከዚያ አሰላ ወደሚገኝ አንድ ሆስፒታል ተዛወርኩ። ስሙን አልጽፍም። እዚያ ብዙ ሐኪሞች ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ ናቸው፤ ኦሮምኛ አያውቁም። ስለዚህ አስተርጓሚ ሆንኩ። ደመወዙ ያው ነው፤ ወንበሩ ብቻ ተለወጠ።

አንድ ቀን ከሳጉሬ ገጠር የመጡ አንዲት እናት ከሐኪሙ ፊት ተቀምጠው ረጅም ነገር ተናገሩ። ሐኪሙ የጠየቃቸው የት ያምዎታል ብሎ ነው። እሳቸው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አሉ?»

«ገና ምንም አላሉም።»

«ይህን ሁሉ ተናግረው?»

«ሰላም እያሉህ ነው ዶክተር። ስለ እናትህ ጠየቁ፣ ስለ ዝናቡ ተናገሩ፣ አላህን አመሰገኑ። መልሱ ገና አልደረሰም።»

ከበሩ በኩል ሳቅ ሰማሁ። ሲስተር ጽጌ ነበሩ፤ የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ። ከደብረ ብርሃን በኩል ነው የመጡት፤ ለጊዜው ብለው መጥተው ፀጉራቸው እዚህ ሸበተ። ኦሮምኛቸው የሸዋ አማርኛ ዜማ አለው፤ ግን አንድ ቃል አይሳሳቱም። «ይህን ልጅ ለእኔ ስጡኝ» አሉ። ሰጧቸው።

የወሰዱኝ ለመጠይቁ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በውጭ አገር የተዘጋጀ መጠይቅ አለ፤ በኦፕራሲዮን ጊዜ ሰው እንዳይጎዳ ምን ይደረጋል፣ ምን ይቀራል የሚለውን የሚለካ። ግማሹ ለሠራተኞች፣ ግማሹ ለበሽተኞች ነው። ያንን ወደ አማርኛና ወደ ኦሮምኛ ማምጣት ነበረብን። ጥናቱን የሚመሩት ከአዲስ አበባ የመጡ ዶክተር ዮናታን ናቸው። አንድ ሰው ይተረጉማል፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉማል፤ ሁለቱን ያስተያዩአቸዋል። የእኔ ድርሻ ከዚያ በኋላ ነው። ጥያቄውን ለሰው አንብቤ «ምን ገባህ?» እላለሁ። ቀላል ይመስላል። አይደለም።

ሲስተር ጽጌ ሲጠይቁ እስክሪብቶ አይዙም። «እስክሪብቶ ያየ ሰው ቀበሌ የመጣበት ይመስለዋል» ይላሉ። ሁልጊዜ ከሚጠየቀው ሰው ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ፤ በርጩማ ከሌለ ደረጃ ላይ። ሰላምታው እስኪያልቅ አይቸኩሉም። ከመለሰላቸው በኋላ ደግሞ ዝም ይላሉ። እኔ ዝምታ አልችልም፤ እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጣዩን ጥያቄ መግለጥ እፈልጋለሁ። እሳቸው ቀስ ብለው እግሬን በእግራቸው ይጫኑታል። ሰውየውም ዝምታው ሲከብደው ሌላ ነገር ይናገራል። የሚጻፈው ያ ሁለተኛው ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ሰው ሲመልስ ፊቱን አያዩም፤ እጁን ነው የሚያዩት። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ሁሉም አፉን ሸፍኖ ስለሚውል የለመደባቸው ይሆናል።

ይህ ልማድ አንድ ጊዜ ጠቀመን። ለሠራተኞች ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት የማረጋገጫው ዝርዝር ሲነበብ ሁሉም ሰው ሥራውን ያቆማል ወይ የሚል ነው። የጠየቅነው ሠራተኛ ሁሉ «ሁልጊዜ» አለ። ሲስተር ወረቀቱን አይተው «ውሸት ነው» አሉ። «እኔ እዚያ ነኝ እኮ።» ተነስተው ማደንዘዣ የሚሰጠውን ወጣት፣ ቶሎሳን፣ ኮሪደር ላይ አገኙት።

«ቶሎሳ፣ ትናንት ዝርዝሩን ሳነብ እጅህ ምን ይዞ ነበር?»

«እጄ?» አለ። አሰበ። «ስልክ።» ከዚያ አፉን ያዘ። «ለሙዚቃው ነው እኮ ሲስተር! ድምፁን ልቀንስልዎት ብዬ ነው!»

«አላህ ይስጥህ። ለእኔ ብለህ ነው።»

ጥያቄውን ለወጥነው፦ ዝርዝሩ ሲነበብ እጅህ ምን ይዞ ነበር? መልሶቹ ወዲያው ተለያዩ። መቀስ፣ ስልክ፣ የኦክስጅን ቱቦ፣ አንዱ ደግሞ «ኪሴ ውስጥ» ብሎ ጻፈ። ዶክተር ዮናታን ይህን ሲያነቡ ሳቁ። «ሐሳቡ ያው ነው፤ አጠያየቁ ነው የተለወጠው። ይግባ» አሉ።

ሲስተር ግን ጠይቀው ብቻ አልተዉትም። እዚህ አገር ወደ ኦፕራሲዮን የሚገባ ሰው ዱአ አድርጉልኝ ይላል። ዱአ ሲደረግ ዕቃ የሚነካ የለም፤ ነውር ነው። ሐኪሙ ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ የታጠበ እጁን እንደሆነ ወደ ላይ ነው የሚይዘው። ሲስተርም መዳፋቸውን ዘርግተው ይቆማሉ። «አሚን» ሲባል፣ አንድም እጅ ሳይወርድ፣ ዝርዝሩን ማንበብ ይጀምራሉ፦ ስሙ ማን ነው፣ የትኛው ጎን ነው፣ ደም ተዘጋጅቷል? እጆች ሁሉ ባዶ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ቶሎሳ «ሲስተር ዱአውን አስረዘሙት» እያለ ያሾፍባቸው ነበር።

ያ ጥሩ ጊዜ ነበር። ቶሎ ቶሎ እየጻፍኩ ነው፤ ቀጥሎ ያለውን ስለማልወደው።

በሽተኛውን በሚመለከተው ክፍል አንድ ነገር ጎደለን። መጠይቁ በተዘጋጀበት አገር በሽተኛ ብቻውን ነው የሚተኛው መሰለኝ፤ ስለ አስታማሚ አንድም ጥያቄ የለውም። እኛ ጋ አስታማሚ የሌለው በሽተኛ የለም። አልጋው አጠገብ መሬት ላይ የሚያድረው፣ ውሃ የሚያጠጣው፣ የሚያገላብጠው፣ ነርስ የሚጠራው አስታማሚው ነው። አንድ ተረኛ ነርስ ክፍል ሙሉ ሰው ይዛለች፤ ዓይኗ ሁሉም ጋ አይደርስም። የአስታማሚው ዓይን ግን አንድ ሰው ላይ ነው የሚውለው።

ሲስተር ጽጌ ይህን ጥያቄ ማስገባት እንደ እልህ ያዙት። ለስብሰባው አቀረቡ።

«ሲስተር፣ እኔም አባቴን አስታምሜያለሁ፤ ይገባኛል» አሉ ዶክተር ዮናታን። «ግን ተርጉሙ ነው የተባልነው፤ ጨምሩ አልተባልንም። አንድ ጥያቄ ከጨመርን ከሌላው አገር ጋር ልናስተያየው አንችልም።»

«የእጁን ጥያቄ ለወጥን አይደል?»

«እሱ ነባር ነው። ይህ አዲስ ነው።» ትንሽ አሰቡ። «እሺ፣ ሞክሩት። ልዩነት ካሳየ እኔ ራሴ እከራከርላችኋለሁ።»

ቅን ሰው ናቸው። ይህን መጻፍ አለብኝ።

ሞከርነው። ጥያቄው፦ በበሽተኛዎ ላይ ምን ምልክት ሲታይ ነርስ መጥራት እንዳለብዎ ተነግሮዎታል? የሚል ነው። እኔ ነኝ ዞሬ የጠየቅኩት። አስታማሚው ሁሉ አዎ አለ። «ሁሉንም ነግረውናል፣ አላህ ይስጣቸው።» አንዲት አሮጊት ልጃቸውን ያስታምማሉ። እሳቸውም አዎ አሉ፣ መረቁኝ። ልሄድ ስነሳ እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ ይህ ቱቦ ግን ምን ያደርጋል?» አሉኝ።

ውጤቱን ይዘን ገባን። ዶክተር ዮናታን ወረቀቱን አገላበጡ። «ሁሉም አዎ ነው። የተጫነበትን ሁሉ እኩል የሚያሳይ ሚዛን ሚዛን አይደለም ሲስተር። ይህን ይዤ ልከራከር አልችልም።» እኔ ስለ አሮጊቷ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ አንድ ሰው ነው፣ ወረቀቱ ላይ የለም። ዘጋሁት። ጥያቄው ወጣ። መጠይቁ ታሽጎ ተላከ።

ከዚያ በኋላ ሲስተር ብዙ ቀን አልተጫወቱም። አንድ ጠዋት ደረጃ እየወጣን መሃል ላይ ቆሙ። ከኋላችን የሚመጣ ሰውም ቆመ።

«ተሳስተናል» አሉ። «ስለ ነርሷ ነው የጠየቅናቸው።»

«እንዴት?»

«‘ተነግሮሃል ወይ’ ስትለው ነርሷን ክሰስልኝ እያልከው ነው። የትኛው የአርሲ ሰው ነው በእንግድነት ያለበት ቤት ቁጭ ብሎ ባለቤቱን የሚከሰው? ስለ በሽተኛው ነው መጠየቅ የነበረብን። ‘ምን ስታይ ነው የምትነሳው’ ብለህ ጠይቀው። ያኔ ካወቀ ይነግርሃል፤ ካላወቀ ዝም ይላል።»

ደወሉ። ዶክተር ዮናታን ሐሳቡ እንደገባቸው ተናገሩ፤ ግን አልፏል፣ በሚቀጥለው እናየዋለን አሉ። እኛም ያለቀውን መጠይቅ ይዘን ወደ ገጠር መውጣት ጀመርን። የጢቾው ጉዞ ያ ነው።

እንግዲህ ወደዚያ ደረስኩ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሐጂ ቃሲም ደወሉልኝ፤ ወጥቷል፣ ነቅቷል፣ አልሀምዱሊላህ አሉ። አማንን በስልክ አገናኙኝ። ድምፁ ሻካራ ነበር። «ስንዴ አይፈስም ከእንግዲህ» አለኝ። ጢቾ አደርኩ።

ማክሰኞ ማለዳ የአጎቴ ልጅ ደወለ። «አማን ትንሽ ደክሟል፤ ና» አለኝ።

«እሺ፣ በመጀመሪያው መኪና አሰላ እመጣለሁ።»

«አሰላ አይደለም። ሳጉሬ፣ ቤት ና።»

እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ግን የደከመ ሰው ሆስፒታል ነው የሚገኘው፤ ቤት ና የሚባለው ለሌላ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። በቆመ ቁጥር እወርዳለሁ፣ እዞራለሁ፣ ረዳቱ ይጠራኛል፣ እገባለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ሆዴን የቆረጠኝ መስሎት ዝንጅብል ሰጠኝ። ተቀበልኩት። እንዲህ ያለ ነገር ነው የማስታውሰው።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀበርነው። ሲስተር ጽጌ መጡ፤ ጫማቸውን አውልቀው ከሴቶቹ ጋር መሬት ተቀመጡ። እጄን ይዘው «ምን ልበልህ?» አሉ። «ምንም» አልኳቸው። የሆነውን በአጭሩ አስረዱኝ። አንገቱ የተቀደደ ሰው ውስጥ ውስጡን ሊደማ ይችላል፤ ደሙ የአየር ቧንቧን ይጫናል። በጊዜ ከተጠራ ስፌቱን ይከፍቱታል። እንደዚያ ብቻ ነው ያሉት። «በጊዜ» ሲሉ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

የቀረውን ሐጂ ቃሲም ነገሩኝ። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጓሮ ተቀምጠን ነበር፤ የቀረበላቸውን አልቀመሱም።

«አመሻሹ ላይ ነርሷ መጥታ እንዴት ነህ አለችው። ደህና ነኝ፣ አልሀምዱሊላህ አላት። ከዚያ ፋሻው የጠበቀው መሰለኝ። ትራሱን ከፍ አድርግልኝ አለ፤ አደረግኩለት። መተኛት አልፈልግም አለ፤ ደግፌ አስቀመጥኩት። አንገቱ ሞላ ያለ መሰለኝ፤ ከኦፕራሲዮን የወጣ ሰው ያብጣል ብዬ... ልጥራት እንዴ አልኩት። ‘ተዋት፣ ስትሮጥ ውላ አሁን ነው ቁጭ ያለችው’ አለኝ። እኔም አየኋት። እውነቱን ነው፤ ገና ቁጭ ማለቷ ነበር። የሰው ልጅ ናት፣ ትረፍ አልኩ። በኋላ ስጮህ ሁሉም ሮጠው መጡ። ሁሉም ሮጠዋል፣ አልዋሽም። ግን አልሆነም።»

ሳህኑን ወደ እሳቸው ጠጋ አደረግኩት።

«ቀኑ ነው ይላሉ ሰዎቹ» አሉ። «አንተ ሆስፒታል ነው የምትሠራው። ቀኑ ነው?»

ቀኑ ነው። እሺ። አላህ የጻፈውን እኔ አልከራከርም። ግን ሐጂ ቃሲም ያሳደጉትን ልጅ አንገት እያዩ ነበር፤ ከነርሷም ከሐኪሙም ይበልጥ ቀርበው እያዩ ነበር። ያዩትን ነገር ስሙን የነገራቸው ሰው የለም። የማያውቁትን ነገር ይዘው፣ የደከመ ሰው ላለማስነሳት፣ ጨዋ ሆነው ተቀመጡ። አማንም ጨዋ ሆኖ ተቀመጠ። እኔ ጥያቄውን አውቀው ነበር። እሳቸውን ጥፋተኛ የሚል ሰው ካለ ወደ እኔ ይምጣ።

«እርስዎ ምንም አላጠፉም» አልኳቸው። ያመኑኝ አልመሰለኝም።

ሥራውን የተውኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ተናድጄ አይደለም። ሰው አዎ ባለ ቁጥር እጄ ምልክት ማድረግ እምቢ አለኝ። የአስታማሚው ጥያቄ በሚቀጥለው ገባ አልገባ እስካሁን አልሰማሁም። ሲስተር ጽጌን አልፎ አልፎ አገኛቸዋለሁ፤ ጎማ ኖሯቸው አይደለም የሚመጡት።

መጻፍ የፈለግኩት ግን ቀጥሎ ስላለው ጠዋት ነው።

ከቀብሩ በማግስቱ፣ ለቅሶው ገና ሳይሞቅ፣ ተነሳሁ። ሌሊቱን ሁሉ ስገላበጥ ነበር፤ እግሬ አላርፍ ብሎኛል። ሐጂ ቃሲም በር ላይ አዩኝ።

«ወዴት ነው?»

«የአማን ብርድ ልብስ ሆስፒታል ቀርቷል» አልኩ።

እውነት ነው፣ ቀርቷል። ግን ለብርድ ልብስ ብሎ ማን ከለቅሶ ቤት ይወጣል? እሳቸውም ያውቃሉ። «ሂድ» አሉኝ።

ከሳጉሬ በመጀመሪያው ሚኒባስ አሰላ ገባሁ። ጭላሎ ተራራ ላይ ደመና ተኝቷል፤ ይበርዳል። በሽተኞች የሚተኙበት ክፍል ስገባ የአማን አልጋ ተይዟል። አንገቷ በፋሻ የታሸገ ወጣት ሴት ተኝታበታለች፤ ትናንት ነው ኦፕራሲዮን የሆነችው። አባቷ አጠገቧ መሬት ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። የአማን ብርድ ልብስ ታጥፎ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። አላነሳሁትም።

መሬት ላይ ከሰውየው አጠገብ ቁጭ አልኩ። እንዴት አደሩ አልኩ። ከየት ናችሁ አልኩ። ከዲክሲስ በላይ ናቸው። ስለ ገብሱ፣ ስለ ከብቶቹ፣ ስለ ውርጩ አወራን። ሰላምታው እስኪያልቅ ጠበቅኩ። እንዴት እንደቻልኩ አላውቅም።

«ስለ ልጅዎ ምን እንደሚጠብቁ ነግረውዎታል?» አልኩ። ከልማድ ነው እንዲህ ያልኩት።

«አዎ፣ ሁሉንም ነግረውናል። አላህ ይስጣቸው።»

እጃቸውን እያየሁ እንደገና ጀመርኩ። «አባባ፣ ልጅዎ ምን ስትሆን ቢያዩ ነው ተነስተው ነርሷን የሚጠሩት?»

ሰውየው ልጃቸውን አዩ። እኔን አዩ። ብዙ ዝም አሉ።

«ብትሞት» አሉ፣ ቀስ ብለው።

እጄን አንገቴ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው። እዚህ ጋ ካበጠ። ፋሻው ከጠበቃት። ድምፅዋ ከተለወጠ። ትንፋሽ ካጠራት፣ መተኛት እምቢ ብላ ቁጭ ማለት ከፈለገች። «ያኔ አይጠብቁ። እሷ ደህና ነኝ ብትልዎትም አይስሟት።»

«ነርሷ ምግብ ላይ ብትሆንስ?»

«ከምግቧ ያስነሷት።»

«ብትቆጣኝስ?»

«ትቆጣ።»

«ነውር ነው እኮ ልጄ።»

«አባባ፣ አሁን ይሂዱና ይጥሯት።»

«አሁን? ደህና ናት እኮ!»

«ደህና ሆና ሳለች ይጥሩላት። እንዲለምዱት።»

ደግሜ ለመንኳቸው። ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካክለው የነርሷ ጠረጴዛ ጋ ሄዱና እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ሳል አሉ። እየጻፈች ነበር፤ አልሰማችም። ወደ እኔ ዞረው አዩ። በአገጬ በርቱ አልኳቸው።

«ሲስተር» አሉ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው።

ነርሷ ቀና አለች። አማን በሞተ ጊዜ ተረኛ የነበረችው ናት፤ ዓይኗ አብጧል። ሰውየውን አየች፤ ከዚያ እኔን፣ የት አልጋ አጠገብ እንደተቀመጥኩ አየች። አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

«በዚህ ድምፅ ከጠሩኝ አልሰማም፣ አባባ» አለች። «ይመለሱና ከልጅዎ አጠገብ ሆነው ይጥሩኝ። ጮክ ብለው።»

ተመለሱ። ጉሮሮአቸውን ጠረጉና ጠሯት። ልጅቱ ደንግጣ ነቃች። በየአልጋው ሥር የተቀመጠው አስታማሚ ሁሉ ዞረ። ከወዲያኛው ጥግ አንዲት እናት ባላቸውን ደግፈው እንደያዙ፣

«እኔስ ምን ሳይ ነው የምጠራት?» አሉ። «የእሱ ሆዱ ነው።»

«ስለ ሆድ አላውቅም እማማ» አልኩ።

ነርሷ ከወንበሯ ተነሳች።